የተዛወረው ቀስት

…ደግሞስ ይህን ማውራት ነውር መሆኑ ጠፍቶን ነው? አልጠፋንም፣ የሰው ጉልበት የሰው ገመና ነው፣ ያውም የሌላውን ሰው ሱሪ ሲሰፉ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ በሠፈሩ ውስጥ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ ታይተው የማያውቁ ሰው፣ የራሳቸውን ሱሪ አውልቀው ከኋላው ክፍት በሆነ የሆስፒታል ቀሚስ ስለተንጋለሉበት ጠዋት ማውራት ዝም ብሎ የሚገባበት ወሬ አይደለም፣ ስለዚህ ይቅርታ፣ ለእሳቸው ይቅርታ፣ ለባለቤታቸው ይቅርታ፣ ለሐኪሟማ እጥፍ ድርብ ይቅርታ፣ ነገሩ የሚነገረው ለትምህርት ነው እንጂ ለሳቅ አይደለም፣ የሳቀ በራሱ ኃላፊነት ይሳቅ።

ጋሽ ሜትር እየተገፉ ነው።

ባለ ጎማው አልጋ ኮሪደሩን ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ እሳቸው በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ያያሉ፣ መብራት፣ ነጭ፣ መብራት፣ ነጭ፣ ለካ ሰው ጣሪያ የሚያየው ሲታመም ነው፣ ጤነኛ ሆኖ ጣሪያ የሚያይ ሰው ወይ ቀለም ቀቢ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ይሄ ጎማስ ዘይት ጠብ ቢደረግለት ምን አለበት፣ የእኔ የስፌት መኪና እንዲህ ብትጮህ ደንበኛ ይሸሸኛል፣ የምትገፋቸው ሲስተር ከላያቸው ጎንበስ ብላ በረደዎት እንዴ አባባ ትላለች፣ ኧረ አልበረደኝም፣ በርዷቸዋል፣ የሲስተሯ ኮሌታ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሰፋው ሰው ቸኩሏል፣ ወደ ግራ፣ ምነው ግራ አልኩ፣ ዛሬ ግራ የሚባል ቃል ባይነሣ ምን ነበረበት።

ግራ።

ይኸው ተነሣ።

መቼም ሰው ቅጽል ስሙን ከሥራው ያገኛል፣ ጋሽ ሜትር የተባሉት መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው፣ ገበያ ሲወጡ አለ፣ ሐዘን ቤት አለ፣ ፎቶ ሲነሡ አለ፣ ዛሬ ጠዋት ነው ሲስተሯ ከአንገታቸው ፈትታ ለባለቤታቸው የሰጠችው፣ ባለቤታቸውም ተቀብለው፣ አንተ ሰውዬ አሁን ገና ራቁትህን ቀረህ አሉ፣ በዚያ ቀሚስ ሲያዩአቸው ያላሉትን ሜትሩ ሲወልቅ አሉ፣ ሚስት ማለት ይህች ናት፣ የቱ ጋ እንደተገለጥኩ ታውቃለች፣ ሁሉን ግን አታውቅም፣ የትላንቱን አታውቅም፣ የትላንቱን ባያስቡት ይሻላል።

ያስቡታል።

ሁለቱም ጉልበቶቻቸው አልቀዋል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል ሲረግጡ ኖረው ኖረው ከአጥንትና ከአጥንት መሐል ያለው ነገር እንደ ሱሪ መቀመጫ ሳስቶ ሳስቶ አለቀ፣ ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ ይኸውልዎ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ክፍተት መኖር ነበረበት፣ አሁን አጥንት በአጥንት ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱም መቀየር አለባቸው፣ ግን በአንዴ አይሆንም፣ በግራው እንጀምርና ሲያገግሙ ቀኙን እንሠራለን፣ ግራው የሚቀድምበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው ብላ ምክንያቱን ስታስረዳቸው እሳቸው የጋውኗን እጅጌ ያያሉ፣ ዘምዘማቱ ተፈትቶ ክር ተንጠልጥሏል፣ እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የላካት፣ የአፍታ ሥራ እኮ ነው፣ እያሉ ምክንያቱ አመለጣቸው፣ ገብቶዎታል ጋሼ? እሺ ዶክተር።

እሺ። ጉዱ ያለው እዚህች እሺ ላይ ነው።

ምክንያቱም የጋሽ ሜትር እሺ የልብስ ሰፊ እሺ ናት፣ ደንበኛ ይመጣል፣ እዚህ ጋ አጥብበው፣ እዚያ ጋ አስፋው፣ ኪሱን ወደ ላይ አውጣው ይላል፣ ከደንበኛ ጋር የሚከራከር ልብስ ሰፊ ጦሙን ያድራል፣ ስለዚህ እሺ ይባላል፣ በሙሉ ፈገግታ እሺ ይባላል፣ ደንበኛው ይሄዳል፣ ልብስ ሰፊው የሚያውቀውን ይቆርጣል፣ ደንበኛውም ለብሶ መስታወት ፊት ይቆምና አየህ፣ እኔ እንዳልኩህ ስታደርገው እንዴት እንዳማረ ይላል፣ እንዴታ፣ ይህ ሙያ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም፣ በሱሪ ላይ ዕድሜ ልክ ሠርቷል፣ ታዲያ በሐኪም ላይ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?

ፔዳል የሚረግጠው ቀኝ እግር ነዋ። ይህን ሐኪሟ በምን ታውቃለች፣ እሷ የተማረችው አጥንት ነው እንጂ ስፌት አይደለም፣ ግራው እግር ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሥራ የሚያይ እንግዳ ነው፣ ሠርቶ የሚያበላው ቀኙ ነው፣ አሁን ግራው ተቀይሮ እስኪያገግም፣ ከዚያ ለቀኙ ተራ እስኪደርስ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ማዶ ያ ባለ ኤሌክትሪክ መኪናው ልብስ ሰፊ ደንበኞቼን አንድ በአንድ ሊለቅማቸው፣ ቁልፍ እንኳን አጥብቆ የማይሰፋ ሰው፣ የሱ ቁልፍ እኮ ሰላምታ ሲሰጡ ይበጠሳል፣ አይሆንም፣ ቀኙ ይቅደም።

እና ትላንት ከሰዓት፣ ጠያቂ ከወጣ በኋላ፣ ሐኪሟ ሐምራዊ ማርከር ይዛ መጣች፣ ከግራ ጉልበታቸው በላይ ጭናቸው ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ሠራች፣ ከጎኑ ፈረመች፣ ነገ የምንሠራው ይሄንን ነው፣ ምልክቱ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁልኝ ጋሼ፣ እሺ ዶክተር፣ ሄደች። ቀስቱ ጠማማ ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ጠማማ ነበር፣ አንዱ ክንፉ ከሌላው ይረዝማል፣ እጅ የሚጸዳበት አልኮል ደግሞ ራስጌያቸው ላይ ተሰቅሏል፣ ቀለም በአልኮል እንደሚለቅ ለልብስ ሰፊ ማን ይነግረዋል፣ በጥጥ ጠብ ጠብ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ እንዳይሰራጭ፣ ለቀቀ። ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ሐምራዊ እስክሪብቶ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፣ ቀኝ ጭናቸው ላይ ቀስት፣ ቀጥ ያለ፣ ክንፎቹ እኩል፣ ፊርማዋስ፣ ስንቱን የስም ጥልፍ ለገለበጠ እጅ ፊርማ ምኑ ነው፣ ጨርሰው አንገታቸውን ወደ ኋላ ስበው አዩት፣ ከእሷ ይሻላል፣ ምንም ጥርጥር የለውም ከእሷ ይሻላል፣ እና እጅ ልማድ አለው፣ ከቀስቱ ጎን በስሱ የነጠብጣብ መስመር ጨመሩበት፣ የስፌት ትርፍ፣ ለመርፌ የሚተወው ዳር፣ ያለ ስፌት ትርፍ ምልክት አድርገው አያውቁም።

በሩ ይከፈታል።

ብርድ ነው፣ ክፍሉ አረንጓዴና ብረት ነው፣ ከላይ መብራቱ እንደ ሱፍ አበባ ፊቱን አዙሮ ያያቸዋል፣ ሰዎቹ ተሸፋፍነው የቀራቸው ዓይን ብቻ ነው፣ በአንሶላ አንሥተው ከአልጋ ወደ አልጋ ያሻግሯቸዋል፣ ከበድ ይላሉ ጋሼ ይላል አንዱ፣ የከበደህ ሥጋዬ ሳይሆን ክብሬ ነው ሊሉት ፈልገው አፋቸው ደርቆ ይቀራል፣ ማደንዘዣ ሰጪው ከጀርባቸው ወንበር ይስባል፣ ጋሼ፣ ልብስ ሰፊ ነዎት አሉኝ፣ አዎ ልጄ፣ እንግዲያው መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገቡ ጎበጥ ይበሉልኝ፣ እንደሱ፣ አይነቃነቁ፣ መርፌ ነው፣ መርፌ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስወጋ ኖሬ ዛሬ ተራው የኔ ነው፣ ይስቃል፣ ይወጋል፣ ቀላል እጅ፣ ጥሩ እጅ፣ ይህን እጅ ለኔ ቢሰጡኝ ሐር ብቻ ነበር የማሰፋው።

ሙቀት። ከወገባቸው በታች ሙቀት ይወርዳል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ የለም። እግር የለም። ይሄ ይሰማዎታል ይላል ማደንዘዣ ሰጪው በቀዝቃዛ ጥጥ እየነካ፣ የቱ፣ በቃ፣ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ጋሽ ሜትር የሚነቁት እዚህ ላይ ነው፣ ሌላው ሰው በሚደነዝዝበት ሰዓት።

እስከ አሁን ነገሩ ብልሃት ነበር፣ አሁን ግን እግሮቻቸው ወዲያ ተጋድመው እንደ ሰው ዕቃ ይታዩአቸዋል፣ ቀኙ የት አለ፣ ግራው የት አለ፣ ሁለቱም ሲጠሯቸው አይሰሙም፣ ስለ እነሱ የሚናገረው ያ ቀስት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ዋሾ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ክንፎቹ እኩል የሆነ ዋሾ፣ ሐኪሟ እኮ ምክንያት ነበራት፣ ነግራኛለች፣ እኔ ክር ሳይ ነግራኛለች፣ ምን ነበር ያለችው፣ ግራው የሚቀድመው ምን ስለሆነ ነው ያለችው፣ ይናገሩ፣ አሁኑኑ ይናገሩ፣ ምን ብለው፣ ይቅርታ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፣ ትንሽ! ሽማግሌ ሰው ፊርማ አስመስሎ፣ ከኋላው ክፍት በሆነ ቀሚስ ተኝቶ፣ ዝም ካሉ ደግሞ የሚሠራው ቀኙ ነው፣ የፈለጉት እሱን አይደል፣ እሱን ነው፣ ታዲያ ልባቸው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚደልቀው፣ ራስጌያቸው ያለው ማሽን የልባቸውን ገመና ለሁሉም ያወራል፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ጋሼ ፈሩ እንዴ፣ ኧረ ምን ያስፈራል፣ ጢጥጢጥጢጥጢጥ ይላል ማሽኑ፣ አሳባቂ።

ሐኪሟ ትገባለች። የታጠቡ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ፣ ውሃው በክርኗ እየተንጠባጠበ፣ ጋውን ያለብሷታል፣ ጓንት ያጠልቁላታል፣ ጋሼ ደህና አደሩ፣ ዓይኗ ይስቃል፣ ይህች ልጅ ናት እኮ አጠገባቸው የተኛውን ሰውዬ ዳሌውን ቀይራ በማግሥቱ ያቆመችው፣ ሰውየው የመጣው በሰው ትከሻ ተንጠልጥሎ ነው፣ ዛሬ ኮሪደር ለኮሪደር እየዞረ የሰው ጋዜጣ ይዋሳል፣ ሳይመልስ፣ ይህች ልጅ ናት የእሱ ቁስል ሲታሸግ ደከመኝ ሳትል ራሷ መጥታ ያየችው፣ እና እኔ ለዚህች ልጅ እሺ አልኳት።

ሁላችንም እናቁም፣ ትላለች።

ሁሉም ያቆማሉ። መሣሪያ አቀባይዋ እጇን ከብረቶቹ ላይ ታነሣለች፣ ረዳት ሐኪሙ ይቆማል፣ ሲስተሯ ከበሩ ተመልሳ ትቆማለች፣ ጋሽ ሜትር እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፣ ስለቱ ተዘጋጅቶ፣ ሰው ተዘጋጅቶ፣ ቆራጯ ራሷ አቁሙ ስትል፣ በእሳቸው ሱቅ መቀስ የያዘ ሰው ንጉሥ ነው፣ ንጉሥን ማን ያስቆመዋል፣ እዚህ ግን ተራ በተራ ማንነታቸውንና ሥራቸውን ይናገራሉ፣ ትላንት አብረው የዋሉ ሰዎች፣ ምናልባት ዛሬ በአንድ መኪና የመጡ ሰዎች፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ እኔ እገሊት ነኝ፣ መሣሪያ አቀባይ፣ እኔ እገሌ፣ ረዳት ሐኪም፣ ልክ ሠርግ ላይ እንደተገናኙ ባዳዎች፣ ግራ የገባው ሰው ካለ ይናገር፣ ማንም አይቆጣም፣ ትላለች ሐኪሟ፣ ከዚያም፣ የጋሼ የግራ ጉልበት ቅየራ፣ ትላለች።

ዶክተር። ሲስተሯ ናት። ምልክቱ ያለው ቀኙ ላይ ነው።

ማሽኑ ብቻ፣ ጢጥጢጥጢጥ፣ ጭንቅላቶቹ ወደ ጭናቸው ይዞራሉ፣ ወደ ራጁ ይዞራሉ፣ ወደ ጭናቸው ይመለሳሉ፣ ረዳት ሐኪሙ አንገቱን ያሰግጋል፣ ፊርማው ያንቺ ነው ይላል ቀስ ብሎ፣ ግን ይቺ ነጠብጣብ ምንድን ናት፣ ሐኪሟ ትጠጋለች፣ ጋሽ ሜትር ዓይኗን ያያሉ፣ ያ ሲስቅ የነበረ ዓይን ቀስ እያለ ከውስጥ ሲዘጋ ያያሉ፣ ልክ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ።

ፊርማው የኔ ነው፣ ትላለች። ነጠብጣቧን አላስታውስም፣ ትላንት ሥራ ተደራርቦብኝ ደክሞኝ ነበር፣ ግን ፊርማው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ የማንም አይደለም፣ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብ። ኧረ ዶክተር፣ ይላል ረዳቱ፣ ተያዘ እኮ፣ ለዚሁ አይደል የቆምነው፣ ግራውን እንቀጥል። አይሆንም፣ ቀኝና ግራ ያምታታ እጅ ዛሬ ስለት አይዝም፣ ጋሼን ወደ ክፍላቸው መልሷቸው፣ ኃላፊውን ጥሩልኝ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ በአንድ እጇ የሌላውን እጅ ጓንት ትይዛለች፣ ልታወልቅ ነው።

ተረፍኩ፣ ይላል የጋሽ ሜትር ልብ፣ በመጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፣ ልብን ማስዋብ አይገባም፣ ተረፍኩ፣ ማንም አልጠረጠረኝም፣ ይመልሱኛል፣ ቀስቱን አጥባለሁ፣ ሌላ ቀን ሌላ ሐኪም ይሠራኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ይህች ልጅ ግን፣ ኃላፊው ምን ይላት ይሆን፣ ከዛሬ ወዲያ ማርከር በያዘች ቁጥር እጇ ምን ይላት ይሆን፣ በሲስተሯ ማላከክ ትችል ነበር፣ ልብስ ሰፊ ኪስ ሲጣመምበት ጨርቁ ነው ይላል፣ ክሩ ነው ይላል፣ መብራት ጠፍቶ ነው ይላል፣ ይህች ያላጠፋችውን ጥፋት ማንም ሳይጠይቃት እንደ ራሷ ልጅ ብድግ አድርጋ ታቀፈችው፣ ያውም የኔን ጥፋት፣ የኔን ቀስት፣ ጓንቱ ወደ ጣቶቿ እየወረደ ነው፣ ያቺን እጅ እኔ ነኝ ሥራ የማስፈታት፣ ስንቱ አንካሳ ውጭ ወንበር ላይ እየጠበቃት፣ እኔ ነኝ፣

አንቺ አይደለሽም!

የማን ድምፅ ነው፣ የእሳቸው ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጠረጴዛው የተናገረ ያህል ይደነግጣል።

ምን አሉ ጋሼ? አንቺ አይደለሽም ልጄ፣ ቀስቱ የኔ ነው፣ ፊርማውም የኔ ነው፣ ማለቴ ያንቺ ነው፣ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያንቺን ከግራው ላይ አጠፋሁት። በምን አጠፉት? በአልኮል፣ በጥጥ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ እንዳይሰራጭ፣ ይህን ለምን እንደሚጨምሩ እሳቸውም አያውቁም፣ ሙያ ሰውን በውርደት ሰዓትም አይለቀውም። ነጠብጣቧስ፣ ይላል ረዳት ሐኪሙ። የስፌት ትርፍ ናት። የስፌት ትርፍ፣ ብሎ ይደግማል፣ አዲስ የተገኘ የበሽታ ስም እንደሰማ ሰው፣ ማደንዘዣ ሰጪው በድንገት ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይርገፈገፋል፣ ሐኪሟ ግን አትስቅም፣ አትቆጣምም፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ ፊታቸው ታስጠጋለች፣ ለምን ጋሼ?

ይነግሯታል፣ ፔዳሉን፣ ቀኙን፣ ማዶ ያለውን ባለ ኤሌክትሪክ፣ እስከ ቁልፉ ድረስ፣ ሁሉንም ይነግሯታል። ያኔ እኮ ምክንያቱን አስረድቼዎት ነበር። ዘምዘማትሽን ሳይ አመለጠኝ። ምኔን? የእጅጌሽን ዘምዘማት፣ ተፈትቷል፣ ሰሞኑን ላኪልኝ። አሁን ሲስተሯም ወደ ግድግዳው ዞራለች። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ መኪናዎ ላይ ውለው ሲነሡ በየትኛው እግር ተደግፈው ነው የሚነሡት?

ያስባሉ። ሰው የራሱን አነሣስ አስቦት አያውቅም፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ወንበራቸውን ያዩታል፣ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀኙ ገና ከፔዳሉ አልወረደም፣ እና፣ እና በግራው፣ በግራው ነው ለካ፣ ያ እንግዳ ያሉት እግር፣ እሱ ነው ስንት ዘመን ከወንበር ሲያነሣቸው የኖረው፣ ሳይመሰገን።

እሱ ነው የባሰው፣ ትላለች ሐኪሟ፣ ራጁን ይዩት፣ ጎብጧል፣ ቀኙን ቀይሬ ይሄንን እንዲህ ብተወው አዲሱን እግር ማን ያቆመዋል? ሱቅዎ እንደሆነ የዚያኑ ቀን ይዘጋል። መጀመሪያ የሚያቆምዎትን፣ ከዚያ የሚሠራልዎትን። እሺ ጋሼ?

እሺ አይሉም። ያንን ቃል መጠቀም ያሳፍራቸዋል። ገብቶኛል፣ ይላሉ።

እንግዲያው በራስዎ አፍ ይንገሩን፣ ሁሉም ይስማ፣ የትኛው ጉልበት? ግራ፣ ይላሉ፣ ጠዋት ሲሸሹት የነበረውን ቃል ጮክ ብለው፣ ግራ። ይህ ግን ይመዘገባል ጋሼ፣ ስምዎ አይጠራም፣ ነገር ግን ይመዘገባል፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ ይመዝገብ ልጄ። ማርከር ታስመጣለች፣ የቀኙን ቀስት አስጠፍታ በግራው ላይ ቀስት ትሠራለች፣ ይህኛውም ጠማማ ነው፣ በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ያማረ ጠማማ አይተው አያውቁም፣ እጇን እንደገና ታጥባ ሌላ ጓንት አጥልቃ ትመለሳለች፣ እና ምን ትላለች፣ ሁላችንም እናቁም። እንደ አዲስ! እኔ እገሌ ነኝ፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ እኔ እገሊት ነኝ፣ መሣሪያ አቀባይ፣ ሳይሰለቹ፣ ሳይዘሉ፣ አሁን ያልተዋወቁ ይመስል፣ በመጨረሻ ማደንዘዣ ሰጪው ጋሼስ ይላል፣ ዛሬ እርስዎም ሠራተኛ ሆነው ተገኝተዋል፣ ራስዎን ያስተዋውቁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይላሉ ጋሽ ሜትር። የዛሬ ሥራዬ ዝም ማለት ነው።

መጋረጃ ከደረታቸው በላይ ይዘረጋል፣ ከማዶው ድምፅ ይመጣል፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ የአናጺ ቤት፣ ሰውነታቸው ይነቃነቃል ግን ሕመም የለም፣ ጎረቤት ቤት በር የሚገጠም ይመስላል፣ ሙዚቃ ልክፈትልዎ ጋሼ፣ ተው ልጄ እየሰማሁ ነው፣ መዶሻው አይቸኩልም፣ ይመታል፣ ይጠይቃል፣ ይመታል፣ ሰው ሥራውን የሚወድ ከሆነ በድምፁ ይታወቃል፣ መሞከሪያውን ስጪኝ ትላለች ሐኪሟ፣ ምኑ ነው የሚሞከረው ብለው በሹክሹክታ ማደንዘዣ ሰጪውን ይጠይቃሉ፣ ጉልበቱ ነዋ፣ ዋናው ከመግባቱ በፊት በመሞከሪያ ይለካል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ከጠበበ፣ ከሰፋ፣ ይስተካከላል፣ ከዚያ ነው ዋናው የሚገባው፣ ፕሮቫ! ይላሉ ጋሽ ሜትር፣ ዝም ማለት ሥራቸው መሆኑን ረስተው፣ እንደ ኮት ልኬት ፕሮቫ አለው እንዴ?

መዶሻው ያቆማል። ከመጋረጃው ማዶ የሐኪሟ ድምፅ ይመጣል፣ ያለ ፕሮቫ ማን ያስረክባል ጋሼ።

እንባ በጀርባው የተኛ ሰው ላይ ወደ ጉንጭ አይወርድም፣ ወደ ጆሮ ነው የሚገባው፣ ይኮረኩራል፣ ማደንዘዣ ሰጪው በጨርቅ ጠረግ ያደርግላቸዋል፣ እኔ ይህችን ልጅ እንደ ደንበኛ ቆጠርኳት፣ ባለሙያ ናት እኮ፣ የሙያ ሰው ናት፣ መኪናዋ ሌላ ሆነ እንጂ፣ እንዲህ እያሉ፣ መዶሻውን እየሰሙ፣ ያንቀላፋሉ፣ መጋዝ እየሰማ የሚያንቀላፋ ሰው መጀመሪያ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በማግሥቱ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷ ትመጣለች፣ ታካሚዎቹ ሳጅን የሚሏት፣ ተነሡ ጋሼ ትላለች፣ እንዴ ትላንት የተቆረጠ ሰው ዛሬ፣ አዎ ዛሬ፣ ጉልበቱ ለመኝታ አልተገዛም፣ ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ያያሉ፣ አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሐኪሞች በዚህ በር ባለፉ ቁጥር አንተን አይተው የሚስቁት ምን አድርገህ ነው? ምን አደርጋለሁ፣ በሥራ ተግባባን። በሥራ? በሥራ። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ፣ ይህ ዓይን ስንት ነገር አውጥቷል፣ ጋሽ ሜትር ከዚያ ዓይን ለማምለጥ ሲሉ ብቻ በአራት እግሩ የሚቆመውን መደገፊያ ጨብጠው ሊነሡ ይላሉ።

በዚህ መሐል ሐኪሟ ለጉብኝት ትገባለች፣ መጀመሪያ ወደ በሩ አጠገብ ወዳለው አልጋ፣ ትላንት ማታ ወደገባው፣ ነገ ጉልበቱን ሊሠራ ወደተዘጋጀው ሰውዬ፣ ምልክቷን ትሠራለች፣ ትፈርማለች፣ ከዚያ አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባትዎ በፊት እንጠይቅዎታለን፣ ምልክትዎን ማንም አልነካውም? እርስዎም ራስዎ? ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን። ሰውየው ይስቃል፣ ኧረ ዶክተር፣ የራሱን ምልክት የሚነካ ምን ዓይነት ቂል ነው? ሐኪሟ ቀና አትልም፣ ሲስተሯ መጋረጃ ታስተካክላለች፣ ያልተጣመመ መጋረጃ።

ጋሽ ሜትር ግማሽ ተነሥተዋል፣ ዝም ማለት ይቻላል፣ ትላንት የተናገሩት ይበቃል፣ ሚስት አለች፣ ግን ያ ሰውዬ ነገ ፈርቶ ይተኛል፣ እግሩ ሲጠፋበት ልቡ ይደልቃል፣ የቆሙትን ሰዎች ሲያይ ምን ሊያደርጉኝ ነው ይላል፣ ወንድሜ፣ ይሉታል፣ ነገ ሁሉም ሰው ድንገት ሥራ ሲያቆም እንዳትደነግጥ፣ የሚያቆሙት ላንተ ብለው ነው፣ ያኔ ልብህ ላይ ያለ ነገር ካለ ተናገር፣ አይቆጡም፣ እኔ አይቻለሁ።

ሐኪሟ አሁን ቀና ትላለች። ዓይኗ ይስቃል።

ከዚያ ሳጅን፣ በግራው ይጫኑ ጋሼ፣ ይመኑት ትላለች፣ ይጫናሉ፣ ያማል፣ ግን ሕመሙ የቁስል ሕመም ነው እንጂ ያ አሮጌው አጥንት በአጥንት የሚፈጭበት አይደለም፣ እና ይይዛል፣ የግራው እግር ይይዛል፣ ከሥራቸው ቀጥ ብሎ ያቆማቸዋል፣ መስኮቱ ከበፊቱ ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ለካ እንዲህ ረጅም ነበርኩ።

እንግዲህ ይኸው ነው፣ አደራ፣ ለማንም እንዳትደግሙት፣ ሐኪሟ ስማቸውን አልጠራችም፣ እኛም አልጠራንም፣ በተለይ በተለይ ለባለቤታቸው እንዳትነግሩ፣ እሳቸው ሐኪሞቹ የሚስቁት ባላቸውን ስለወደዱት ይመስላቸዋል፣ እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።